ቤቴ አልደርቅ ያለ ክረምት

ከሚሴ ውስጥ ያልገባሁበት ቤት የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሌባ ሆኜ አይደለም፤ የወባ መድኃኒት ረጪ ስለነበርኩ ነው። ፓምፔን አንግቼ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ከቤት ቤት እየዞርኩ «ዕቃ አውጡ፣ ምግብ ክደኑ፣ ዶሮ አስወጡ» እላለሁ። ዕቃ ሲወጣ ደግሞ የሰው ገመና አብሮ ይወጣል። የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን ትኋን እንዳለበት፣ ማን ደግሞ የለብኝም እያለ እንደሚያክ ሁሉንም አውቃለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመካ ብዬም ነው። ዋናው ግን ስለ ግድግዳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ የሚያምን ሰው እንደነበርኩ ቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ሌላም አመል አለብኝ። አንድ ነገር ዓይኔን ከያዘው መጨረሻውን ሳላይ አልለቀውም። ልጅ ሆኜ ደሴ ሳለን እናቴ በርበሬ አስፈጭ ብላ ልካኝ፣ አንዲት ጥንዚዛ ፋንድያ ስታንከባልል አግኝቼ ስከተላት ውያለሁ። ጥንዚዛዋ ጉድጓዷ ገባች፤ በርበሬው ዝናብ መታው፤ እኔም የሚገባኝን ተገረፍኩ። ሳድግም አልተውኩት። ባለቤቴ ዘሀራ በተጋባን በሳምንታችን «እኔ አወራሃለሁ፣ አንተ ዝንቡን ታያለህ» ብላኛለች። እውነቷን ነበር፤ ዝንቡ ግን የፊት እግሮቹን ሲያፋትግ ሥራ ያለው ይመስል ነበር።

በዚያ ዘመን መሬት የመንግሥት ነው። በግንቦት ወር ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው በኩል ቦታ ተሰጠኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ሰይድ ወረቀቱን ሲያስረክበኝ «እስከ መስከረም ቤት ቆሞ ካላየሁ ቦታው ለሌላ ጓድ ይተላለፋል» አለኝ። ጓድ ሰይድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ያኔ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራ መለየት ያስቸግር ነበር።

ጭቃ ቤት የሚሠራው ዝናቡ ሲያባራ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በአካባቢው አይገኝም። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ቦታው እንዳያመልጠኝ በሐምሌ፣ ሰማዩ ቁልቁል በሚገለበጥበት ወር ጀመርኩ።

ዘሀራ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሰንበቴ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሄጄ አየኋት። አየኋት ስል አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ ድረስ ነው፤ አራስ ቤት ወንድ አይቀመጥም። የልጄ ፊት እንደ ጡጫ የተጨበጠ ነበር። ደጋግሜ ላያት ፈልጌ ነበር፤ አማቴን አፍሬ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ስወጣ አማቴ እማ ሐዋ እስከ በር ሸኙኝ። «ልጄ፣ አርባዋ ሲወጣ ሚስትህንም ልጅህንም ትወስዳለህ» አሉኝ። «ግን ስማኝ። እኔ በኩሬን የቀበርኩት እርጥብ ቤት ገብቼ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ገባን፤ ደረቱን ያዘው፤ ሳምንት አልቆየም። ቤትህ ሳይደርቅ ይቺን ሕፃን አልሰጥህም። ወላሂ አልሰጥህም።» ድምፃቸውን አንድም ጊዜ ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«በአርባዋ ቀን ድርቅ ብሎ ይጠብቃታል፣ ኢንሻ አላህ» አልኳቸው። ቀኑን ስናገር ከእኔ በላይ እርግጠኛ ሰው አልነበረም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ለበሰ፤ ማገሩ ታሰረ፤ የቀረው ጭቃ ነው። ለጭቃው የሚሆነውን የጤፍ ጭድ የዘሀራ አጎት ጋሽ እንድሪስ ከጨፋ በሁለት አህያ ጭነው ላኩልኝ። ጋሽ እንድሪስ ስለ እርሻ ሲነሣ የሚያስቆማቸው የሌለ ሰው ናቸው፤ በተለይ ስለ ውቂያቸው። «የኔን ጭድ ዶሮ አይጭረውም፤ ምን ሊያገኝ?» ይላሉ። ፍሬ አይቀርበትም ማለታቸው ነው።

ግድግዳውን በመምረግ ያገዙኝ ጎረቤቴ እትዬ መይረም ናቸው። ከአጥሬ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በእጃቸው ስንት ቤት መርገው ያቆሙ ባልቴት ናቸው። ያቦካሁትን ጭቃ አንስተው አሸተቱና «ይሄ ገና ነው። ሁለት ሳምንት ይተኛ፤ በየሁለት ቀኑ ርገጡት፤ ጭዱ በውስጡ ይበስብስ፣ ይግማ። ያልገማ ጭቃ ጭቃ አይደለም» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት። ልጄ አርባዋን ልታወጣ ስትቆጥር እኔ ጭቃ እስኪገማ ልጠብቅ? «እትዬ፣ መግማቱ እኮ ለግድግዳው የሚጨምረው ነገር የለም» ብዬ ጭቃ በማያውቅ አፌ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «ዱጋ?» አሉኝ። በኦሮምኛ እውነትህን ነው ማለት ነው፤ እትዬ መይረም ግን የሚሉት እውነት እንዳልሆነ ሲያውቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ጭቃውን ለጠፍኩት። እሳቸውም አዝነው ለጠፉልኝ።

ከዚያ በኋላ የየዕለቱ ሥርዓታችን አንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ይመጡና «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ይሉኛል። መልሴን ሳይጠብቁ መዳፋቸውን ግድግዳዬ ላይ ያሳርፋሉ። ትንሽ ያዳምጡና «ሂን ጎግኔ፣ አልደረቀም» ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሐኪም ለቤተ ዘመድ እንደሚናገረው ቀስ ብለው ነው የሚሉት።

ቦታውን ለመጠበቅ እዚያው ማደር ጀመርኩ። ጨው ዕቃው ውስጥ ሟሟ። ክብሪት ስጭር አናቱ ይላጥና ባዶ እንጨት እጄ ላይ ይቀራል። የክት ጫማዬን ከአልጋ ሥር ባወጣው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል፤ ለኪሳራው ከማዘኔ በፊት ፀጉሩ ለምን በግራው ጫማ ላይ እንደበዛ ሳጠና ግማሽ ቀን አለፈ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶዬ አብጦ ጉንጫም ሆንኩ፤ ኬላ ላይ ያየኝ ወታደር «አራስ ነህ እንዴ?» ብሎኛል።

እርጥበት ባለበት ደግሞ እንግዳ አይጠፋም። መጀመሪያ የመጡት ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ሲነኳቸው የሚጠቀለሉ ግራጫ ትሎች ናቸው። ቀጥሎ በረሮ መጣ። ከዚያ ከአልጋው እንጨት ጋር ሳይጋበዝ የመጣ ትኋን ተባዛ። ቢምቢው በመስኮት ይገባል፤ እኔ የወባ ሠራተኛ ሆኜ በገዛ ቤቴ አጎበር ውስጥ ተሸጉጬ እቀመጣለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከመናደዴ ይልቅ መገረሜ ይበልጥ ነበር። በአንድ ባዶ ቤት ይህ ሁሉ ሕዝብ ማን ጠርቶት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ። ደብተር ገዝቼ ማን በስንት ሰዓት ከየትኛው ማዕዘን እንደሚወጣ መጻፍ ጀመርኩ። በረሮ ሰዓት አክባሪ ነው። ትኋን ግን አይታመንም።

የእኛ ቀጣና የርጭት ተራ ደረሰና ቤቴን ራሴ ረጨሁ። ዲዲቲ ደረቅ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግን ከውኃው ጋር ይወርዳል። ረጭቼ ጨርሼ ቁጭ ብዬ ሳይ አንድ በረሮ መድኃኒቱን ተሻግሮ፣ መሀል ላይ ቆም ብሎ አንቴናውን ጠራርጎ መንገዱን ቀጠለ። ደብተሬ ላይ መዘገብኩት።

አርባዋ ወጣ። ሰንበቴ ሄድኩ። እማ ሐዋ ውጭ ግቢው ውስጥ ተቀብለውኝ «ደረቀ?» አሉኝ። ከመጋረጃው ኋላ ዘሀራ እንዳለች አውቃለሁ፤ ልጄም አንዳንዴ እንደ ድመት ድምፅ ታሰማለች። እዚያ ቆሜ፣ ልጄ በክንድ ርቀት ሆና እየሰማኋት፣ አልደረቀም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

«ደርቋል፤ ኖራ መቀባት ብቻ ነው የቀረው» አልኩ።

በሳምንቱ ስሄድ ደግሞ «ኖራው አልቋል፤ በሩ አልገጠመም» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት «በሩ ገጥሟል፤ ወለሉ ይስተካከል» አልኩ። በየሳምንቱ ቤቱ በአፌ እየተሠራ ሄዶ በከተማው የሚበልጠው ቤት ጥቂት ብቻ ሆነ። ከዘሀራ ጋር ብቻችንን ሆነን የምንነጋገርበት ጊዜ ግን አልተገኘም። እናት ባለችበት አማች አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል እንጂ ሚስቱን ከመጋረጃ ኋላ አይጠራም።

ውሸቴ እውነት እንዲሆን እሳት ለኮስኩ። ከሰል በሦስት ምድጃ፣ ኩበት በአንድ ቆርቆሮ። ብርድ እንዳይገባ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ሙቀቱ ውሃውን ከግድግዳው አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ ሰቀለው፤ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ መልሶ አናቴ ላይ አዘነበው። እንዲህ ያለ ዝናብ ቤት ውስጥ ሲዘንብ አይቼ ስለማላውቅ ዣንጥላ ዘርግቼ ቁጭ አልኩና ከየት ከየት እንደሚንጠባጠብ ተመለከትኩ። እትዬ መይረም ጢሱን አይተው ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው መጡ፤ እኔን ከነዣንጥላዬ ሲያገኙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ግድግዳው በውጭ በኩል ውኃ እንደጠገበ ነው፤ በውስጥ በኩል እሳቱ የነካው ቦታ ግን ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁን ለመሸፈን በተረፈው ጭድ አዲስ ጭቃ አቦካሁ። ይህኛውን አንድ ቀን አሳደርኩት። ሰዎችን ከተረጨ በኋላ ግድግዳ አትምረጉ እያልኩ ስንት ዓመት የለፈለፍኩ ሰው በገዛ እጄ መረግሁ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ «እኛን አትለጥፉ ስትል አልነበረም?» እያለ ሳቀብኝ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም የባሰውን ነው። የአዲሱ ምርግ እርጥበት እንዳይታይ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። በእኛ አገር ግድግዳ በጋዜጣ መልበሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤቱን ያደምቃል፤ ተኝቶም ያነባሉ። ከዱቄት ሙጫ ሠርቼ ያገኘሁትን ጋዜጣ ሁሉ ለጠፍኩ። ስጨርስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ በሚያየው ቦታ፣ አገሩን የሚመሩት የትልቁ ሰው ፎቶ በሙሉ ገጽ ተለጥፏል። ጥሩ ነው አልኩ፤ ጓድ ሰይድ ይደሰታል።

ጓድ ሰይድ ጳጉሜ ላይ ቤቱን ሊያይ መጣ። ገና ከመግባቱ ፎቶው ፊት ቆመ። እኔም ከኋላው ቆሜ አየሁ። በአራት ቀን ውስጥ ሻጋታ ወጥቶ በትልቁ ሰው ፊት ላይ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል፤ በአንድ ጆሮ በኩልም ወደ ላይ መዝለቅ ጀምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ?» አለ ጓድ ሰይድ በቀስታ።

«እርጥበት ነው፣ ጓድ ጸሐፊ።»

«እርጥበቱ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው?»

ሌላ ቦታም እንዳለ ላሳየው ወደ ማዕዘኑ ጠቆምኩ። እሱ ግን ጀርባውን ለፎቶው መስጠት ፈርቶ ወደ ጎን ወደ ጎን እየሄደ ነው ያየው። መቅደድ እንደማይቻል ሁለታችንም አውቀናል፤ እንዲህ ሆኖ መቀመጥም አይችልም። ለረጅም ጊዜ አሰበና «ቤቱ ቆሟል ብዬ ጽፌያለሁ። ይሄንን ግን እኔ አላየሁም። አንተም እንዳትነካው። አድርቀው» ብሎኝ ወጣ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከተሰጠኝ ትእዛዝ ይህን የሚያህል ከባድ አልገጠመኝም።

ቦታው ጸናልኝ ማለት ነው። ዘሀራና ልጄ ግን አሁንም ሰንበቴ ናቸው።

በመስከረም መጀመሪያ ጉንዳኖች መጡ። ከፎቶው ጠርዝ ሥር በአንዲት ቀዳዳ ይወጡና ተሰልፈው በበሩ ሥር ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ተንበርክኬ ሳያቸው አንዳንዱ በአፉ የያዘው ነገር አለ። አንዱን ወስጄ መዳፌ ላይ አደረግሁት። የጤፍ ፍሬ ነው።

እኔ ቤት ጤፍ የለም። ከግድግዳ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ይዞ የሚወጣ ጉንዳን ከየት አመጣው? ሥራዬን ትቼ ሰልፉን ተከተልኩ። በአጥሩ ሥር አልፎ እትዬ መይረም ግቢ ገባ። እኔም ገባሁ። በአራት እግሬ ሆኜ ጎተራቸው ሥር ስደርስ እትዬ መይረም ከላይ ቆመው ያዩኛል።

«እትዬ፣ ጤፍ ይጎድልብዎታል?» አልኳቸው።

«እኔ ማሽላ ነው ያለኝ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው ግንባሬን ነኩ፤ ትኩሳት እንዳለብኝ ሊያዩ ነው። «ልጄ፣ ሚስትህን አምጣ። ብቻህን መሆን አልበጀህም።»

በዚያው ሰሞን የትልቁ ሰው ፎቶ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀጥሎ ሁለቱም ጉንጮች። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ አንዳንዴ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሥሩ ምስጥ ይሆን፣ ጎጆ የሠራ ጉንዳን ይሆን፣ ወይ ስሙ ያልተጻፈ ሌላ ነፍሳት? ለማየት ነፍሴ ወጣች። ልነካው ግን አልችልም፤ እንዳትነካው ተብያለሁ። ሰባት ቀን ሙሉ አበጠ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት። እንደዚያ ሰባት ቀን ተሰቃይቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ከች አሉ። እማ ሐዋ ናቸው የላኳቸው። «እህቴ ቤቱን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ አለችኝ» አሉ፤ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ከሸማቸው ላይ ዝናቡን አራገፉና አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። ለእሳቸው መዳፍ ማሳረፍ አላስፈለጋቸውም፤ ሽታው በቂ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ፎቶው ላይ አረፈ።

«ማሊ ኩን? ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?»

«አይነካም፣ ጋሽ እንድሪስ። የቀበሌ ትእዛዝ ነው።»

«እሱን ማን ይነካዋል? ከጎኑ ያለው ስለ ቡና ምርት የሚያወራው ነው» አሉና ከወገባቸው ቢላ አውጥተው ከፎቶው አጠገብ ያለውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ወረቀቱ በገዛ ኃይሉ ተከፈተ። ከሥሩ ክንድ የሚያህል ስፋት ላይ፣ ብርሃን አጥቶ የገረጣ፣ ቀጭን፣ እርስ በርሱ የተደጋገፈ ቡቃያ ቆሟል። ግድግዳዬ ለምልሟል።

እኔማ ሰባት ቀን የጓጓሁለትን ነገር በማየቴ ደስ ብሎኝ ራሴን ረስቼ ነበር። ጋሽ እንድሪስ አንዱን ቡቃያ ነቅለው በጣታቸው አሹት፤ ሥሩን አዩ።

«ኩን ጣፊ። ጤፍ ነው» አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ዓይናቸው አልቅሶ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ማሳ! ማሳ ሠርተህ ነው የምትኖር!» ይላሉ። «ወይ አላህ። ይሄን የመሰለ ነገር። ለመሆኑ ጭዱ የማን ነው? ይሄን ያህል ፍሬ ጭድ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ፣ እንዴት ያለ ውቂያ የማያውቅ ሰው ቢሆን ነው?»

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ወደ ግድግዳው ዞረው እንደገና አዩ፤ አሁን በሌላ ዓይን ነው ያዩት። በጨፋ ገበሬ ሁሉ መሀል ስለ ውቂያ የተናገሩት ሁሉ እንደ ጉንዳኑ ሰልፍ በፊታቸው ሲያልፍ ታየኝ። ቀስ ብለው «ጭቃውን ስንት ቀን አስተኛኸው?» አሉ። «ሦስት። ይሄኛውን አንድ» አልኩ። «ሁለት ሳምንት ቢተኛ ፍሬው በስብሶ ይሞት ነበር» አሉ። «ፍሬው ባይኖርበት የሚሞተውም ባልኖረ» አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ተነሡና በሩን ዘጉት። «ስማ፣ እንደ ወንድ እንነጋገር» አሉ። «ስለ ጭዱ አንተ ለማንም አትናገር። ስለ እርጥበቱ እኔ ለሐዋ አልናገርም። አይቼዋለሁ፣ ደርቋል እላለሁ። ነገ ሚስትህን ይዘሃት ትመጣለህ።»

ነገ። ቃሉን ሲሉት ዘሀራን አየኋት፤ ልጄንም እዚያ አልጋ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ አየኋት። ከራሴ ጋር ባልዋሽ፣ እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ከቆርቆሮው አንድ ጠብታ ወርዶ እዚያው አልጋው መሀል፣ በሐሳቤ ልጄን ያስተኛሁበት ቦታ ላይ አረፈ። ጨርቁን በእጄ ነካሁት። ከሥሩም እርጥብ ነው። እማ ሐዋ ስለ በኩራቸው በር ላይ ሲነግሩኝ የነበረው ፊታቸው መጣብኝ። እኔም የጤና ሰው ነኝ፤ እርጥብ ቤት የሕፃንን ደረት ምን እንደሚያደርግ ከእሳቸው ባላውቅ እንኳ ከየቤቱ ተምሬዋለሁ።

«አይሆንም፣ ጋሽ እንድሪስ» አልኩ። «ይንገሯቸው። አልደረቀም ይበሉ። ስዋሽ ነበር የከረምኩት፤ ይሄንንም ይንገሯቸው። ዘሀራ እዚያው ትቆይ።»

ጋሽ እንድሪስ ብዙ አዩኝ። «የጭዱንስ?» አሉ። «እሱን እርስዎ እንደወደዱ» አልኩ። ዱላቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ደግሞ የቀረውን ወረቀት ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ ቀደድኩት። በርና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ያን ቀን ወደ ሥራ አልሄድኩም፤ ምንም ነገርም ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም። አለቀሰ በሉኝ፤ ግድ የለኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ረፋድ፣ ግቢዬ ውስጥ ሆኜ አልጋውን ፀሐይ ላይ ስጎትት በመንገዱ በኩል ሁለት ሴቶች ሲመጡ አየሁ። ከፊት ያሉት እማ ሐዋ ናቸው። ከኋላ ያለችው ዘሀራ ናት፤ ጀርባዋ ላይ አዝላለች።

ጋሽ እንድሪስ ሁሉንም ተናግረዋል። የጭዱንም ጭምር። ሰንበቴ ገበያ መሀል ቆመው፣ የራሳቸው ጭድ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደበቀለ በእጃቸው እያሳዩ ሲናገሩ ሰው በሳቅ ሞተ አሉኝ። እሳቸውም አብረው ሳቁ አሉኝ። እማ ሐዋ ሰላምታዬን ተቀብለው ቤቴን በሩ ላይ ሆነው ብቻ አዩ፤ አልገቡም። «እርጥብ ነው» አሉ። ቁጣም የለበትም። ከዚያ አጥሩን ዞረው እትዬ መይረም ቤት ሄዱ። የእሳቸውን ግድግዳ ዳስሰው፣ ወለሉን ረግጠው፣ ጥግ ጥጉን አይተው ሲመለሱ ከአጥሩ ማዶ «ቤትህ እስኪደርቅ እዚህ ትቀመጣለች። እኔም ከልጄ ጋር አንድ ወር እቆያለሁ» አሉኝ። እትዬ መይረምም ቀድመው መደቡን እየጠረጉ ነበር፤ ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም።

እኔና ዘሀራ ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን ቆምን። «ፀሐዩ ላይ ሁኚ» አልኳት።

«ስትዋሽ ነበር አሉኝ» አለች።

«አዎ።»

«ደርቋል እያልክ በየሳምንቱ ስትመጣ እኔ ከመጋረጃ ኋላ እሰማ ነበር» አለች። ወደ እኔ አላየችም፤ መቀነቱን እያስተካከለች ነው። «ቤቱ ደርቋል፣ አይወስደንም። ኖራው አልቋል፣ አይወስደንም። በሩ ገጥሟል፣ አይወስደንም። ሴት ልጅ ስለወለድኩ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ገብታበት ነው ብዬ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጉንዳን ምን ይዞ ከየት እንደሚወጣ ከቀን ሰዓቱ ጋር የጻፍኩ ሰው ይህን አላውቅም ነበር።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለች ዘሀራ። «በአላህ። ቤቱ ምን ያህል ነው እርጥብ የሆነው?»

«በጣም» አልኳት። «በጣም እርጥብ ነው። ግድግዳውን ብትጨምቂው ውኃ ይወጣዋል። እስከ ኅዳርም መድረቁን እንጃ።»

ዘሀራ ዓይኗን ጨፈነች። «አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ከዚያ መቀነቱን ፈታ ልጄን አቀበለችኝ።